ለትርፍ ባልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራር ማስተርስ ብማር ያዋጣኛል?

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። በተለይ በዚህ ዘርፍ የተማራችሁ ወይም የምትሠሩ፣ አንብባችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

የምሠራው ስደተኞችን በሚረዳ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ኬዝ ማናጀር ነኝ። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ቤት እንዲያገኝ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዲያስመዘግብ፣ ሥራ እንዲይዝ አግዛለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥቱ የስደተኞችን ቅበላ ሲያቆም ግን ትልቁ ገንዘባችን ተቋረጠ፤ ብዙ ባልደረቦቼም ተቀነሱ። የቀረነው በካውንቲና በግል ለጋሾች ገንዘብ ነው የቆምነው። አሁን የፕሮግራም ዳይሬክተር ቦታ ተከፍቷል። አለቃዬ አመልክቺ ትለኛለች። ማስታወቂያው ደግሞ ማስተርስ ያለው ይመረጣል ይላል።

አገር ቤት በሶሺዮሎጂ ተመርቄያለሁ፤ የእኛ ባች ሦስት ዓመት ነው የተማረው። ግሪን ካርድ አለኝ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ባለቤቴ የሚሠራው ማታ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ኦንላይን ወይም ቅዳሜ ካልሆነ አይሆንልኝም።

ልቤ ያለው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራርና ማኔጅመንት በሚባለው ማስተርስ ላይ ነው። ግን አንዱ ኤምቢኤ ይሻልሻል ይለኛል፤ ሌላዋ ሶሻል ወርክ ተማሪ ትለኛለች። የቱን ልያዝ? ዲግሪዬስ ይታሰብልኛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ የዚህ ዘርፍ ደሞዝ ይታወቃል፤ ብበደር ከዕዳው እወጣለሁ?

የፕሮግራም ሰው፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ይህንኑ ማስተርስ እየሠራሁ ነው የጨረስኩት። ውስጡን ልንገርሽ።

የአመራር ኮርሶቹ ጥሩ ናቸው። አንቺ ግን ከስንት ቤተሰብ ጋር የሠራሽ ሰው ነሽ፤ ሰው ማዳመጥና ማግባባት አዲስ አይሆንብሽም። ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የፋይናንስ ኮርሱ ነው። አንድ ድርጅት ባንክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ እያለው ደሞዝ መክፈል ሊያቅተው ይችላል። ለጋሹ ገንዘቡን ለአንድ ሥራ ብቻ ብሎ ከሰጠው ለሌላ መንካት አይቻልማ። ለተረጂዎች የቤት ኪራይ የመጣ ገንዘብ የቢሮውን ኪራይ አይከፍልም። ይህን በደንብ ያልገባው ፕሮግራም ዳይሬክተር በጀቱን ሲያወጣ ድርጅቱን ገደል ይከተዋል።

ሌላም አለ። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለኢንተርኔት የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ስላልሆነ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ይባላል። የፌዴራል ግራንት ላይ የራሱን ተመን ያልተደራደረ ድርጅት ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለዚህ ወጪ ከቀጥተኛ ወጪው እስከ 15 በመቶ አስልቶ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በፊት 10 በመቶ ነበር። ሳያውቁ የሚተዉት ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ፤ ያሳዝነኛል፤ የሚገባቸው ገንዘብ ነው።

ስለ ምርጫው፦ ሶሻል ወርክ ላይሰንስ አውጥቶ ሰው ማማከር ለሚፈልግ ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ አለው፤ ከሥራና ከልጆች ጋር ከባድ ነው። ኤምቢኤ ሒሳቡን አሳምሮ ያስተምራል፤ ቦርድ፣ ለጋሽና በጎ ፈቃደኛ የሚሉት ነገሮች ግን ዳር ላይ ይቀራሉ። ወደ ካውንቲ ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመሻገር ሐሳብ ካለሽ የሕዝብ አስተዳደር ማስተርሱን እዪው። እሱም ብዙ ቦታ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ላይ የሚያተኩር ክፍል አለው።

ትምህርት ቤት ከፈለግሽ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዲግሪ በመስጠት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ በ1980ዎቹ ነው የጀመረው። ኢንዲያናፖሊስ ያለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሊሊ ፋሚሊ ትምህርት ቤት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በበጎ አድራጎት ላይ ያተኮረ ነው። አሪዞና ስቴት ኦንላይን ይሰጣል። ለአንቺ ቅርቡ ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዱ ጉድ ኢንስቲትዩት የሚባል አለው። የትም ከማመልከትሽ በፊት የኮርስ ዝርዝሩን አንብቢ። ፋይናንስ፣ የፕሮግራም ግምገማና ገንዘብ ማሰባሰብ ግዴታ ካልሆኑበት ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርብሽ።

ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ፣ ዳላስ

ልጄ፣ የዕዳውን ነገር እኔ ልመልስልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የድርጅቶች ሒሳብ ሠርቻለሁ።

በመጀመሪያ አሠሪሽን ጠይቂ። የአሜሪካ የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ያለ ግብር እንዲከፍል ይፈቅዳል። ለተማሪ ብድር ክፍያም ይሆናል። ድርጅትሽ አሁን ደሞዝ መጨመር ባይችልም ይህን ከሹመቱ ጋር ለመደራደር አትፈሪ። የሚከለክሉሽ ቢሆን እንኳ መጠየቅሽ የሚያስቀይም ነገር የለውም።

የፌዴራል ብድሩ ተለውጧል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ለአዲስ ተበዳሪ የለም። በእንዲህ ዓይነት ማስተርስ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 100,000 ዶላር ነው ጣሪያው። ሙሉ ጊዜ ካልተማርሽ የዓመቱ ጣሪያ በዚያው ልክ ይቀነሳል። አንቺ እየሠራሽ ኮርስ ቀንሰሽ የምትወስጂ ከሆነ ይህ ይነካሻል፤ ቀድመሽ አስቢው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ መሙላት ትችያለሽ። ጥገኝነት ያገኘ ሰውም ይችላል። በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ጥበቃ) ብቻ ያለ ሰው ግን የፌዴራል ብድር አይሰጠውም፤ ሌሎች አንባቢዎችም ስላላችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በ2007 የወጣ ፐብሊክ ሰርቪስ ሎን ፎርጊቭነስ የሚባል ሕግ አለ። ለመንግሥት ወይም 501(ሲ)(3) ለሆነ፣ ማለትም በሕግ ከግብር ነፃ ለሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠራሽ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈልሽ የቀረው የፌዴራል ዕዳ ይሰረዛል፤ የተሰረዘውም በፌዴራል ግብር አይታሰብም። ክፍያዎቹ የግድ ተከታታይ እንዲሆኑ አይጠበቅም። ለአዲስ ተበዳሪዎች የሚሆነው በገቢ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ራፕ ይባላል። ከገቢሽ ከ1 እስከ 10 በመቶ ያስከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ጥገኛ ልጅ በወር 50 ዶላር ይቀንስልሻል። በራፕ ብቻ ቢሆን ስረዛው የሚመጣው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በዚያኛው ግን 10 ዓመት። ልዩነቱን ተመልከቺ።

የግል ባንክ ብድር ግን በዚህ አይሰረዝም። እባክሽ ልጄ፣ በዚህ ዘርፍ ደሞዝ የግል ብድር ውስጥ አትግቢ።

የመግቢያ ቢሮ ሠራተኛ፣ አትላንታ

ስለ ዲግሪሽ፦ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ዲግሪን በራሱ ይመዝን እንደሆነ ወይም ደብሊውኢኤስን የመሰለ ገምጋሚ ይጠይቅ እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ። ገምጋሚ ካለ በየኮርሱ የሚሠራውን ግምገማ እዘዢ፤ ለማስተርስ የሚፈለገው እሱ ነው። የሦስት ዓመት ዲግሪ ላይ ትምህርት ቤቶች አቋማቸው አንድ አይደለም። አንዱ ይቀበላል፤ ሌላው ተጨማሪ ኮርስ ይጠይቃል። ስለዚህ የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ኢሜይል ጻፊና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ትራንስክሪፕቱን ዛሬውኑ ጀምሪው። ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ነው የሚፈለገው። አገር ቤት ሬጅስትራር ደጅ የሚመላለስልሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ላኪ። እኔ እንዳየሁት ሰው ጊዜው የሚያልፍበት ድርሰት ሲጽፍ ሳይሆን ይህን ወረቀት ሲጠብቅ ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና በዚህ ዘርፍ ብዙዎቹ አይጠይቁም። የእንግሊዝኛ ፈተናም በእንግሊዝኛ መማርሽን ከዩኒቨርሲቲሽ በደብዳቤ ካስመሰከርሽ የሚያነሱልሽ አሉ፤ ጠይቂ።

ዳይሬክተር፣ ሲያትል

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ሰው የምቀጥረው እኔ ነኝ፤ ማስታወቂያውንም የምጽፈው እኔ። ማስተርስ ይመረጣል ብዬ ጽፌ ያለ ማስተርስ የቀጠርኳቸው አሉ። ስለዚህ አሁኑኑ አመልክቺ! ትምህርቱ እስኪያልቅ ቦታው አይጠብቅሽም። የድርጅቱን ሥራ ከውስጥ ታውቂዋለሽ፤ አማርኛም ትችያለሽ፤ አለቃሽም ትፈልግሻለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ሙሉውን ማስተርስ ከመጀመርሽ በፊት ግራጅዌት ሰርተፍኬቱን ውሰጂ። ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በኋላ ወደ ማስተርሱ ይቆጠራል። ማስተርሱ ራሱ 36 ክሬዲት አካባቢ ስለሆነ ምንም አይባክንብሽም። እየሠራሽ ስትማሪ የዛሬው ትምህርት ነገ ሥራሽ ላይ ይውላል። ምንም ዓይነት በጀት ሳይነካ የተማረ ሰው ግን ፋይናንሱ ወረቀት ላይ ይቀርበታል።

ከገንዘብ ማሰባሰብ ጋር የሚሠሩ ደግሞ ሲኤፍአርኢ የሚባል የሙያ ማረጋገጫ አላቸው። ለአንቺ አሁን አያስፈልግም።

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የግል ብድሩን ነገር በሰዓቱ ነው የነገሩኝ፤ አንድ ባንክ ደጋግሞ እየጻፈልኝ ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ ቀን አገሬ ገብቼ መሥራት እፈልጋለሁ። ይህ ትምህርት እዚያ ይጠቅመኛል? ሌላው፣ የኮሚኒቲ ማኅበራችን ቦርድ ላይ አስገብተውኛል። 501(ሲ)(3) ነው ይባላል፤ ወረቀቱን ግን ያየ ሰው አላገኘሁም። ከምን ልጀምር?

የሲቪል ማኅበረሰብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

የአገር ቤቱን ልመልስ። ይጠቅምሻል፤ ግን ሁሉም አይደለም።

እዚህ የሚሠራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሕግ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። የቀድሞው 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ ላይ ገድቦት ነበር። ስንት ድርጅት ሥራውን እንደቀየረና እንደተዘጋ በዓይናችን አይተናል። ያ ገደብ ተነስቷል። የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላው ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እዚህ የፋይናንስ ኃላፊ ቀን ከሌሊት የሚጨነቀው በዚህች ቁጥር ነው። የትኛው ደሞዝ የፕሮግራም፣ የትኛው የአስተዳደር እንደሆነ መለየትና በሰነድ ማስረዳት አለበት። እዚያ ስለ ቀጥታና ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ የምትማሪው በቀጥታ ይሠራልሻል።

የአሜሪካ የግብር ሕግ ኮርስ እዚህ አያገለግልሽም። የፕሮግራም ግምገማ ግን በደንብ ያገለግልሻል። ገንዘብ ማሰባሰብ ከሁሉም በላይ። ዩኤስኤይድ በጁላይ 2025 ከተዘጋ ወዲህ በአንድ ለጋሽ ላይ የቆመ ድርጅት ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም አውቀናል። ከአገር ውስጥ ሰውና ከዳያስፖራው ገንዘብ ማሰባሰብ የሚችል፣ ሒሳቡንም ለሰጪው በግልጽ የሚያሳይ ሰው እዚህ በጣም ያስፈልጋል። ኑሪልን።

የፕሮግራም ሰው፣ አሌክሳንድሪያ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል በ1983 በእኛው ሰዎች ተጀምሮ፣ በኋላ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞችን በመላው አሜሪካ የሚያሰፍር ድርጅት ሆኗል። የእኛ ማኅበር እዚያ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። የሚያቅተን ቅንነት አይደለም፤ ሰነድና አሠራር ነው። የቦርድ ወንበርሽን እንደ ሁለተኛ ክፍልሽ ቁጠሪው።

ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ፣ ዳላስ

ለማኅበሩ ልጄ፣ ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ ጀምሪ። የድርጅቱን ስም ወይም የግብር መለያ ቁጥሩን አስገብተሽ 501(ሲ)(3) መሆኑን በነፃ ታያለሽ። የዕውቅና ደብዳቤው ከጠፋ ቅጂውን ከአይአርኤስ መጠየቅ ይቻላል።

ቀጥሎ ፎርም 990 የሚባለው የድርጅቶች ሪፖርት በየዓመቱ ለአይአርኤስ ገብቶ እንደሆነ እዪ። ዓመታዊ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር 990-ኤን የሚባለውን በኢንተርኔት ይሞላል፤ በጣም አጭር ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ገቢው ከ200,000፣ ንብረቱ ደግሞ ከ500,000 ዶላር በታች የሆነ 990-ኢዚን ይሞላል። ከዚያ የሚያልፈው ሙሉውን። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ነፃ ነው፤ ኮሚኒቲ ማኅበር ግን ነፃ አይደለም። ሦስት ተከታታይ ዓመት ያላስገባ ድርጅት ዕውቅናው በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፤ ማንም ደውሎ አያስጠነቅቅም። ያን ጊዜ ሰው ለማኅበሩ የሰጠውን ገንዘብ ከግብር ላይ ማስቀነስ አይችልም፤ ግራንትም አታገኙም። ተሰርዞ ከሆነ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ክፍያ አለው፤ ሰነድ ይፈልጋል።

የራስሽንም አትርሺ። ብድር ከወሰድሽ አሠሪሽ ብቁ መሆኑን በስቱደንት ኤይድ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጪ፤ የሥራ ማረጋገጫ ፎርሙንም በየዓመቱና ሥራ በቀየርሽ ቁጥር አስሞልተሽ ላኪ። በትምህርት ላይ ሆነሽ ክፍያ ያልጀመርሽባቸው ወራት ከ120ው ውስጥ አይቆጠሩም። ድርጅት ይዘጋል፤ አለቃ ይለወጣል፤ ከ10 ዓመት በኋላ የሚፈርም ሰው ላታገኚ ትችያለሽ።

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ገባኝ ጋሼ። ማመልከቻውን ለዳይሬክተርነቱ ዛሬ ማታ እልካለሁ። ለወንድሜም ስለ ትራንስክሪፕቱ ደውዬለታለሁ። ሰርተፍኬቱን ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪዋ ጠይቄ፣ ስለ ሦስት ዓመቱ ዲግሪ የምትመልስልኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ፤ እንደ እኔ ሦስት ዓመት የተማራችሁ ብዙ ናችሁና።