ስፒኖቼ ከረጉ በኋላ ለምን ተመልሰው ይነሳሉ?

ሰላም ወገኖች፣ ደብረ ማርቆስ ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተቀርቅሬ ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

የምሠራው በአይሲንግ የስፒን ሰንሰለት (በሰንሰለት ተያይዘው ጎረቤት ከጎረቤት የሚጎታተቱ ጥቃቅን የኳንተም ማግኔቶች ሞዴል) ላይ፣ በኮምፒውተር ስሌት ነው። ስፒኖቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አሰልፌ እጀምርና ለተሰለፉበት አቅጣጫ አግድም የሆነ መግነጢሳዊ መስክ በድንገት እለቅባቸዋለሁ። ከዚያ አማካይ ማግኔታይዜሽኑን (ስፒኖቹ በአማካይ ምን ያህል እንደተሰለፉ) በጊዜ እከታተላለሁ። መጀመሪያ ይወርዳል፣ ይረጋል፤ እሰየው ስል ተመልሶ ይነሳል! የተናወጠ ጠላ ከጠለለ በኋላ ማንም ሳይነካው ዳግም ሲደፈርስ እንደማየት ነው።

ኮዱን ጠርጥሬ ነበር። ነገር ግን ጠቅላላ ኢነርጂው እስከ አሥረኛው አሃዝ ድረስ አይነቃነቅም። ከ12 ስፒን ወደ 14 ሳሳድግ ደግሞ የሚነሳበት ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ መስኩ ያስነሳው ሞገድ አጭሯን ሰንሰለት ዞሮ እየተመለሰ ይመስለኛል። ትክክል ነኝ?

16 ልሞክር ብል የሲስተሙን ኢነርጂ የሚገልጸው ሙሉው ማትሪክስ 65,536 በ65,536 ሆነ፤ ብቻውን 34 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። የእኔ ላፕቶፕ ራም 8 ነው (እሱም መብራት ካለ)። በክሪሎቭ ዘዴ (ሙሉውን ማትሪክስ ሳያስቀምጡ፣ በጥቂት ቬክተሮች በተሠራ ንዑስ ስፔስ ውስጥ ጊዜን ማራመድ) ግን የ20 ስፒን ሁኔታን የሚይዘው ቬክተር 16 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው፤ የጊዜ እርምጃውንና የንዑስ ስፔሱን መጠን እንዴት ነው የምትመርጡት?

ሌላው፦ ይህ ሞዴል በትክክል የሚፈታ ስለሆነ ወደ ተራው የሙቀት ሚዛን እንደማይደርስ አውቃለሁ። ይህን ባሕርይ ለማፍረስ በስፒኖቹ አቅጣጫ ትንሽ መስክ ብጨምርበት፣ በ20 ስፒን ልዩነቱ በግልጽ ይታየኛል ወይስ ድካም ነው? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ።