ልጆች ያሉት ሰው ልቦለድ ልጽፍ ብሎ ደመወዙን ይተው?

ጥያቄ አቅራቢው፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያ ከአንድ ጓደኛዬ የመጣ ነው። አስተማሪ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። የጀመረው ልቦለድ ተጋምሷል። አሁን «ሥራዬን ልልቀቅና ልጨርሰው» ይላል። ሚስቱ ትሠራለች፤ በእሷ ደመወዝ ብቻ ግን ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፍ የለም። እኔ ይልቀቅ ባይ ነኝ። ማታ ማታ በድካም የተጻፈ ልቦለድ ያስታውቃል። ከስልሳ ተማሪ ደብተር እርማት በኋላ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይወጣል? አቤ ጉበኛም በብዕሩ ለመኖር ቆርጦ ነው የተነሳው።

መጽሐፍ አዟሪው፦
ወንድሜ፣ አቤ ጉበኛ ዛሬ ቢኖር ኪራይ በምን ይከፍላል? እኔ ሂሳቡን ልንገርህ። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ሳይቀበል ንክች አያደርግልህም። ወረቀት የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ያሳተመ ያውቃል። አከፋፋይ በቅናሽ ይረከብሃል፣ ብሩን «ሲሸጥ» ይልሃል። እኔም የምነካት አለች፣ አልዋሽም። የተረፈው ነው ለደራሲው። እሱንም ሳይጨብጥ መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ላይ በነፃ ይለቀቃል።

ሕግ ያጠናችው፦
ለእሱማ ሕግ አለ እኮ። አዋጅ ቁጥር 410/1996። የቅጂ መብቱ ደራሲው በሕይወት እያለም፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ልጆቹ ይወርሱታል።

መጽሐፍ አዟሪው፦
ካረፈ በኋላማ! ልጆቹ ምሳ ዕቃ የሚይዙት ነገ ጠዋት ነው።

የባንክ ሠራተኛው፦
ሥራ ይዞ አይጻፍም ያለው ማነው? ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ ቀን የመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆና እየሠራች፣ ልጆቹ ሳይነሱ በንጋት ትጽፍ ነበር። ያንተ ጓደኛ ከእሷ በምን በልጦ ነው?

ጥያቄ አቅራቢው፦
አምባሳደርን ከአስተማሪ ጋር ታወዳድራለህ? ደሞ ደመወዝ ያዘ ማለት ቤተሰቡ ዳነ ማለት አይደለም። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹም ነበር። ልቦለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በ1976 ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሚስትና ልጆች ነበሩት።

የባንክ ሠራተኛው፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በዓሉን ደርግ ነው ያጠፋው። ጓደኛህን የሚያጠፋው አከራዩ ነው።

የደራሲ ሚስት፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ ደራሲው ስትከራከሩ ስለ እቁቡ የሚያነሳ ጠፋ። የባሌ የመጀመሪያ መጽሐፍ የታተመው በእኔ እቁብ ነው። ያልተሸጠው በካርቶን ሳሎን ተደርድሯል። ዳንቴል አልብሼ ረከቦት አስቀምጥበታለሁ። እንግዳ ሲመጣ «ጠረጴዛው ያምራል፣ ከየት ገዛሽው?» ይለኛል።

ባሌ ሲጽፍ ደስ ይለኛል። ሲጽፍ ነገር አይፈልግም። ሥራ ለቆ ቤት የዋለ ጊዜ ግን አልጻፈም። ጠዋት ስወጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ማታ ስገባም እዚያው ነው፣ ገጹም ያው ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አከራያችን ደወለች?» ብሎ ነው። የጨረሰው ተመልሶ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳ ነው። አስፋልት ላይ ሆኖ «ነፃ ነኝ» ማለትና ጓዳ ውስጥ ሆኖ ማለት ይለያያል።

ሌላም አለኝ። ሴት ብትሆን ይሄ ጥያቄ ይነሳ ነበር? እኔ «ልጆቹን ለአባታቸው ትቼ፣ ሥራ ለቅቄ ልቦለድ ልጽፍ» ብል እናቴ ጸበል ነው የምትወስደኝ።

ሕግ ያጠናችው፦
አፌ ቁርጥ ይበልልሽ።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ እዚህ ኡበር እነዳለሁ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ስልኬ ላይ በድምፅ እቀዳለሁ፣ እሑድ እገለብጠዋለሁ። ቀርፋፋ ነው ግን ይሄዳል። እናቴ በየወሩ የምትጠብቀው ገንዘብ አለ፤ «ምዕራፍ አምስት ላይ ነኝ» ብዬ ልላክላት?

ጥያቄ አቅራቢው፦
ተረባረባችሁብኝ። እሺ፣ አሁን ደውዬ የጓደኛዬን ሚስት ራሷን ጠየቅኳት። ከመስከረም በፊት የማይታሰብ ነው አለች፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ልስጠው አለች። የባንክ ደብተሩ ግን እሷ ጋ ይሆናል።

የደራሲ ሚስት፦
ስድስት ወር በዝቷል። ሦስት በላት። እቁቧን ደግሞ እንዳትነግረው።