ክፉውን ሁሉ ባለጠባሳ ማድረግ ደንብ ወጥቶ ይከልከል ወይስ ለደራሲው ይተው?

የክርክሩ መነሻ፦ የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. ክፉው ካራክተር በፊት ጠባሳ የሚታወቅባቸውን ፊልሞች በገንዘብ እንደማይደግፍ አስታወቀ። ይህን ያደረገው ቼንጂንግ ፌስስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የጀመረውን ዘመቻ ደግፎ ነው። እኛስ ዘንድ? ለፊልምና ለድራማ ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ እንዲህ ያለ ደንብ ያውጣ?

ስክሪፕት አርታዒ፦ ያውጣ ባይ ነኝ። «ጉንጩ ላይ ትልቅ ጠባሳ ያለበት፣ ሲያዩት የሚያስፈራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የራሱን ሥራ ለሜካፕ ባለሙያው አሳልፎ ሰጥቷል። ሰውየው ምንም ሳያደርግ ተመልካቹ ፈርዶበታል። ያው ፍርድ ነው ታክሲ ውስጥ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ በእውነተኛ ሰው ላይ የሚደገመው። ጠባሳውን ከስክሪፕቱ ሰርዛችሁ እንደገና አንብቡት። ታሪኩ ምንም ካልጎደለው መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር።

የድርሰት መምህር፦ ሐሳብህ ይገባኛል ወንድሜ፣ ደንቡን ግን እፈራዋለሁ። ጠባሳ የተከለከለ ሰነፍ ጸሐፊ ክፉውን አንካሳ ያደርገዋል ወይም አንድ ዐይኑን ያጠፋዋል። ጠንቃቃው ደግሞ ገንዘቡ እንዳይቀርበት ብሎ ባለጠባሳ ሰው ጨርሶ አይጽፍም። ያኔ እነዚህ ሰዎች ከስክሪኑ ጠፉ ማለት ነው።

የቃጠሎ ክፍል ነርስ፦ ከመከልከሉ በፊት ጠባሳ ምን እንደሆነ ብንነጋገር። እዚህ አገር ፊት የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በጠብ ሳይሆን በፈላ ውሃ፣ በላምባ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ላይ ሲወድቅ ነው። ድራማው ላይ ግን ሁሌ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ውፍረቱ የተቃጠለ ቆዳ ላብ አመንጪውንም የጸጉር ሥሩንም ያጣል። ስለዚህ «የተቃጠለው ጉንጩ በላብ ራሰ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስህተት ነው፤ ላቡ የሚታየው በጤናው በኩል ነው፣ ቅንድቡም ተመልሶ አይበቅልም። የአንገት ጠባሳ ሲኮማተር አገጭን ወደ ደረት ይጎትታል፤ ሰውየው ዞር ለማለት ትከሻውን ጭምር ማዞር አለበት። የታችኛው የዐይን ሽፋን ወደ ውጭ ከተገለበጠ ዐይኑ ያለማቋረጥ ያነባል፣ ተኝቶም በደንብ አይከደንም። በነዚህ ምክንያት የሚቸገር ካራክተር ሰው ይሆናል፤ ጠባሳው የተለጠፈ ምልክት አይመስልም።

ሜካፕ ባለሙያ፦ ነርሷ ያለችው እኛ ጋ የሚበላሸው ጊዜው ላይ ነው። ታሪኩ «ከአሥር ዓመት በፊት ተቃጠለ» ይላል፣ ዳይሬክተሩ ቀይ ቁስል ያዝዛል። ጠባሳ እስኪበስል አንድ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ይሳሳል፣ ቀለሙም ይረጋጋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ገሚሱ ይጠቁራል፣ ገሚሱ ይነጣል፤ ሮዝ ቀለም መቀባት የፈረንጅ ጠባሳ መገልበጥ ነው። ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳም ከቁስሉ ዳር አልፎ ያድጋል፤ ጆሮ፣ አገጭ፣ ደረትና ትከሻ ላይ ይወጣል፣ የዐይን ሽፋን ላይ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ለስንጥቅ ጠባሳ ሪጂድ ኮሎዲየን የሚባል የሜካፕ ፈሳሽ እንጠቀማለን። በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል፤ ሲደርቅ ቆዳውን ይሰበስባል። ዐይን አጠገብ አይነካም፣ እሳት ስለሚይዝ ሻማ ወይም ሲጋራ ያለበት ክፍል ውስጥ አይከፈትም። ለቃጠሎ ግን ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሲሊኮን ነው፤ ጄላቲን ርካሽ ቢሆንም መብራቱ ሥር ይቀልጣል። በየቀኑ ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ፎቶ ካልተነሣ ጠባሳው በሚቀጥለው ሲን ሁለት ሴንቲሜትር ወርዶ ይገኛል።

ስክሪፕት አርታዒ፦ ታዲያ እውነተኛ ጠባሳ ያለው ተዋናይ ለምን አይመረጥም? በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው «ደርቲ ጎድ» የተባለ ፊልም ላይ በአሲድ የተጠቃችውን ሴት የተጫወተችው ተዋናይት የራሷ የቃጠሎ ጠባሳ አላት።

የድርሰት መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። ደንብ ከወጣ እንዲህ ይውጣ፦ ባለጠባሳው ክፉ ከሆነ በዚያው ፊልም ውስጥ ክፉ ያልሆነ ሌላ ባለጠባሳም ይኑር፤ ምርጫውም ባለጠባሳ ተዋንያን ከተጠሩ በኋላ ይሁን። ክልከላን ግን አሁንም አልቀበልም።

ሜካፕ ባለሙያ፦ ተዋናዩ የራሱ ጠባሳ ካለው ውሉ ላይ አንድ ነገር ይጻፍ፦ ጠባሳው ላይ ማጣበቂያ አይደረግም። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተወስዶ የተተከለ ቆዳ ስስ ነው፣ ማጣበቂያው ሲላጥ ይቆስላል።