ክርክር፦ አፓርታማን በቀን ማከራየት ይገደብ ወይስ ይተው?

አወያይ፦ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻ። ቦሌ አካባቢ ግን ዕቃ የተሟላለት ቤት ለዳያስፖራ በቀን ይከራያል። መንግሥት ይገድበው?

ተከራይ (ጎሮ)፦ ይገደብ! እንበል በወር 40 ሺህ የሚከራይ ባለ ሁለት መኝታ በቀን 5 ሺህ ተባለ። 8 ቀን ከተያዘ የወሩ ኪራይ ወጣ። በጥምቀትና በሠርግ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ይዞ ለሚመጣው ያው ቤት ረከሰለት። በብር ደመወዝ የሚያድር አስተማሪ ከእሱ ጋር እንዴት ይጫረታል?

አከራይ (ቦሌ)፦ እህቴ፣ ገቢውን ቆጥረሽ ወጪውን ተውሽው። አንሶላና ፎጣ የምታጥበው ልጅ ደመወዝ፣ ዋይፋይ፣ ውኃ ሲጠፋ ቦቴ፣ መብራት ሲሄድ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የደላላ ኮሚሽን፤ ሁሉም ከእኔ ኪስ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ የለ፣ ቤቱ ባዶውን ይከርማል። ቋሚ ተከራይ ነበር የምመርጠው። ግን ሁለት ዓመት በውል ታስሬ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ብቻ ሆኖ የቧንቧውም የቀለሙም ዋጋ ሲንር ማን ይደርስልኛል? ወደዚህ የገፋኝ አዋጁ ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ እዚህ ለአጭር ጊዜ ማከራየት የሚቻለው የራስን መኖሪያ ነው፤ ባለቤቱ ከሌለ በዓመት ከ90 ሌሊት አይበልጥም። ኒውዮርክ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አጥብቃለች፦ ባለቤቱ አብሮ ካላደረ ከ30 ቀን በታች የለም። የቤት ኪራይ ግን ከዚያም በኋላ አልረከሰም። ቤት በብዛት ካልተሠራ ገደብ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ተከራይ (ጎሮ)፦ ላያረክሰው ይችላል ወንድሜ። ካለችን ጥቂት ላይ እንዳይቀነስብን ነው የምለው።

ነዋሪ (ኮንዶሚኒየም)፦ ቤቱን ሁሉ አንድ አታድርጉት። 20/80ም ሆነ 40/60 የሚባለው ኮንዶሚኒየም የተሠራው በመንግሥት መሬት፣ ቤት ለሌለው ቆጣቢ ተብሎ ነው። እዚያ የቀን ኪራይ ይከልከል ባይ ነኝ። የእኛ ብሎክ ሌሊት ሻንጣ ደረጃ ለደረጃ ሲንኳኳ ነው የሚያድረው፤ ዘበኛው ነዋሪውን ከእንግዳው መለየት አቅቶታል። በራሱ ገንዘብ የሠራ ግን ይመዝገብ፣ ግብሩን ይክፈል፣ ይሥራ።

አከራይ (ቦሌ)፦ በግብሩ እስማማለሁ። እንደ ሆቴል ክፈል ካላችሁኝ ግን ሆቴል የሚያገኘውን ብድርም ስጡኝ።

ተከራይ (ጎሮ)፦ እሺ፣ ከምዝገባው ይጀመር። ስንት ቤት ከመኖሪያነት እንደወጣ ሳይቆጠር ጥቂት ነው፣ ብዙ ነው ብንባባል ዋጋ የለውም።