በእጅ የተጠለፈ የስፌት ዕቃ ቦርሳ፦ ገበሩንና ገመዱን እንዴት ልጨርሰው?

ጥልፍ ወዳድ፦
የድሮ አሜሪካ ቤት ሠራሽ ጥልፍን የሚከተለው፣ «ፕሪሚቲቭ» የሚባለው ሥራ አልቆልኛል፤ ፊደላት፣ ቤትና ሁለት ወፍ። ጨርቁ በኢንች 32 ክር ያለው ሊነን ነው፤ ሁለት ሁለት ክር እየቆጠርኩ በመስቀልኛ ጠለፍኩት። ጥልፉ 16 በ20 ሳ.ሜ. ሲሆን ዙሪያውን 5 ሳ.ሜ. ባዶ ጨርቅ አለ። መቀስና ክር የሚይዝ፣ አፉ በገመድ የሚሰበሰብ ቦርሳ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ያለ ማሽን። ጠርዙ ከአሁኑ እየተተረተረ ነው። ገበሩን እንዴት ላስገባ? ያረጀ እንዲመስልስ ቡና ውስጥ ብነክረው? ቀዩ ክር በእጅ የተነከረ ጥጥ ነው።

ክርና መርፌ፦
እባክሽ ቡናውን ተዪው! በእጅ የተነከረ ቀይ ክር ውሃ ሲነካው ቀለሙን ሊለቅ ይችላል፤ ሊነኑ ውስጥ የገባ ሮዝ ቀለም ደግሞ ለማስለቀቅ በጣም ያስቸግራል። መነከር የነበረበት ጨርቁ ሳይጠለፍ ነው። አሁን የጀርባውን ጨርቅ ብቻ ንከሪ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል በግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አጥልዪና ጨርቁን ውስጡ 15 ደቂቃ አቆዪው፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቂው። እርጥብ ሳለ አትፍረጂ፣ ሲደርቅ ይነጣል።

ካውያም ስትመቺ ጥልፉን ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ድፊው፤ ያለ እንፋሎት። በጠንካራ ነገር ላይ ከተተኮሰ መስቀሎቹ ይደፈጠጣሉ።

ዝምዝማት፦
መጀመሪያ ጠርዙን አስቁሚው፦ ከመቁረጥሽ በፊት የምትቆርጪበትን መስመር በስባሪ ሳሙና አስምሪ፤ እንደቆረጥሽ ወዲያው ዙሪያውን ዘምዝሚ። ልክሽ ይህ ነው። በጎንና በታች ስፌቱ ከጥልፉ 1.5 ሳ.ሜ. ይራቅ፣ ከስፌቱ ውጭም 1.5 ሳ.ሜ. ትርፍ ይኑር። ላይኛውን 5 ሳ.ሜ. ግን ምንም አትንኪ፤ 1 ሳ.ሜ. ክፍተት፣ 1.5 የገመድ መተላለፊያ፣ 1 ከመተላለፊያው በላይ የሚቀር ከንፈር፣ 1.5 ትርፍ ሆኖ ልክ ያልቃል። ስለዚህ ፊቱም ጀርባውም 22 በ28 ሳ.ሜ. ይቆረጣሉ።

ፊትና ፊቱን አጋጥመሽ በእስፒል ያዢ፣ ሸልዪ (በረጃጅም ስፌት ለጊዜው አያይዢ)፣ ከዚያ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለስሽ በ2 ሚ.ሜ. እርምጃ ስፊ። ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ስፌት የመቀሱ ክብደት ሲጎትተው ይከፈትና ክሩ ይታያል። በሁለቱም ጎን፣ በመተላለፊያው ከፍታ ላይ፣ 1.5 ሳ.ሜ. ሳትሰፊ ተዪ። የታችኛውን ማዕዘን ስትቀንሺ ከስፌቱ 3 ሚ.ሜ. አርቂ፤ ሊነን ከዚያ በላይ ከተጠጋሽው ይመዘዛል።

ገበሩንም በዚያው ልክ ቁረጪ፤ ነገር ግን ጎንና ታቹን 2 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ አስገብተሽ ስፊው። እኩል ከሆነ ውስጥ ገብቶ ይጨማደዳል። ታቹ ላይ 9 ሳ.ሜ. ክፍት ይቅር። የጥልፉን ቦርሳ ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጠሽ ባልተገለበጠው ገበር ውስጥ ክተቺና አፋቸውን ዙሪያውን ስፊ፤ በክፍቱ በኩል ገልብጪው፤ ክፍቱን በስውር ስፌት ዝጊ። በመጨረሻ መተላለፊያውን በሁለት ትይዩ መስመር፣ ገበሩን ጨምረሽ ስፊ።

በሙቀት የሚለጠፈውን የኮሌታ ማጠንከሪያ እንዳትጠቀሚ፤ ጥልፉን ያደርቀዋል። ገበሩ ጥቁር ከሆነና በሊነኑ በኩል ከታየ መሐል ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ይበቃል።

ጥልፍ ወዳድ፦
ለገበር አቡጀዴ ቢሆንስ? ገመዱንስ ከምን ልሥራ?

ክርና መርፌ፦
አቡጀዴ ጥሩ ነው፤ ሳይቆረጥ በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ይሰበሰባልና። ገመዱ ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ 65 ሳ.ሜ.። ለአንዱ ቀለም የማይለቅ የጥልፍ ክር ስድስቱንም ዘለላ ሳትለያዪ 2 ሜትር ቁረጪ። አንዱን ጫፍ እሰሪና ሲላላ ራሱ እስኪጠማዘዝ ድረስ አክርሪው፤ መሐሉን ይዘሽ እጠፊና ልቀቂው፤ እንደ ጋቢ ቁጭት ወደ ሌላው አቅጣጫ ራሱ ይጠመጠማል። በመርፌ ቁልፍ አንዱን በቀኝ ጎን አስገብተሽ ዙሪያውን አዙረሽ በቀኝ አውጪ፤ ሌላውን በግራ እንዲሁ። ጫፎቹን ጥንድ ጥንዱን ቋጥሪ፤ አፉ እኩል የሚሰበሰበው ሁለቱን በአንዴ ስትስቢ ነው።