የክሩ አቀማመጥ ሲቀየር የሲንቲሌተሩ ንባብ ለምን ይለወጣል?

ጥያቄ፦
የአነስተኛ ጨረር መስኮችን የጨረራ መጠን ለመለካት ከፋይበር ኦፕቲክ ክር ጫፍ ጋር በተያያዘ፣ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የፕላስቲክ ሲንቲሌተር (ጨረር ሲያርፍበት ብርሃን የሚሰጥ ቁስ) እየተጠቀምኩ ነው። በ6 ሜጋ ቮልት ኤክስ ሬይ፣ 5 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ መስክ ውስጥ፣ ሲንቲሌተሩን ከመስኩ መሃል ሳላነቃንቅ ክሩን አንድ ጊዜ በአጭሩ፣ ሌላ ጊዜ በረጅሙ ጎን አቅጣጫ ስዘረጋው ሁለቱ ንባቦች አይገጥሙም፤ በረጅሙ ጎን የተገኘው ይበልጣል። ነጥቡ የሚቀበለው መጠን እንዳልተለወጠ በአዮን ቻምበር (በሌላ የተለመደ የጨረር መለኪያ) አረጋግጫለሁ። ትርፉ ከየት ይመጣል? መሣሪያውን በታካሚ አካል ውስጥ ለመለካት ስለምንፈልገው መልሱ እጅግ ያሳስበኛል።

ምላሽ 1፦
ትርፉ የሚመነጨው ከክሩ ከራሱ ነው። በክሩ ፕላስቲክ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት በባዶ ቦታ ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚወርድ፣ ከ180 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በላይ ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ብርሃኑን ቀድሞ ያልፋል፤ ሲያልፍም የቼረንኮቭ ብርሃን ይፈነጥቃል። በ6 ሜጋ ቮልት ጨረር እንዲህ ያሉ ኤሌክትሮኖች ሞልተዋል፤ በመስኩ ውስጥ የተዘረጋው ክር በረዘመ ቁጥር ይህ ብርሃን ይጨምራል፣ ክሩ ከጨረሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘንም ይለውጠዋል።

አንዳንዶች ሲንቲሌተር የሌለው ሁለተኛ ክር አጠገቡ አስቀምጠው ንባቡን ይቀንሳሉ። የመስኩ ጠርዝ አጠገብ ግን ሁለቱ ክሮች እኩል ጨረር ስለማያገኙ፣ ለእርስዎ ሥራ ይህን ዘዴ አልመክርም። የሚሻለው ብርሃኑን በቀለም መለየት ነው፤ የቼረንኮቭ ብርሃን ወደ ሰማያዊው ያጋድላልና አረንጓዴ የሚያበራ ሲንቲሌተር መርጠው የሚመጣውን ብርሃን በማጣሪያ ለሁለት ቻናል ይክፈሉት። ከዚያም በሰፊ መስክ ውስጥ፣ ሲንቲሌተሩ ባለበት ቦታ፣ መጀመሪያ በጣም አጭር ክር፣ ቀጥሎ ተጠምጥሞ የተከማቸ ረጅም ክር ለጨረሩ አጋልጠው ይለኩ። በሁለቱ መካከል የጨመረው ብርሃን ሁሉ የቼረንኮቭ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቻናሎች ያለውን ድርሻ ከእሱ አውጥተው ከእያንዳንዱ ንባብ ሊቀንሱት ይችላሉ። በመጨረሻም የ5 በ30ውን ፈተና ይድገሙት፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ካልተስማሙ ካሊብሬሽኑ (የንባቡ ማስተካከያ) ገና አልተስተካከለም ማለት ነው።

ምላሽ 2፦
ከላይ በተሰጠው ምላሽ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በታካሚ አካል ውስጥ ለመለካት ካሰቡ ሙቀትን አይዘንጉ። ቢሲኤፍ-60 የተባለው አረንጓዴ ሲንቲሌተር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.5 በመቶ ያህል ብርሃን ይቀንሳል። በ22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ተስተካክሎ በ37 ዲግሪ አካል ውስጥ ሲገባ ንባቡ ወደ 7 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ይህ በሕክምና ውሳኔ ላይ ቀላል ስሕተት አይደለም። ካሊብሬሽኑን በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ማድረግ፣ አለዚያም የሙቀት ማረሚያ ማስላት ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በኢሪዲየም-192 ብራኪቴራፒስ (ጨረር አመንጪውን ምንጭ አካል ውስጥ በማስገባት በሚሰጥ ሕክምና) የቼረንኮቭ ጉዳይ ይቀራል?

ምላሽ 1፦
አይቀርም። የኢሪዲየም ፎቶኖች አማካይ ጉልበት 380 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ቢሆንም፣ ከመካከላቸው ከፍ ያሉት የቼረንኮቭን ወሰን የሚያልፉ ኤሌክትሮኖች ያስነሣሉ። ምንጩ ከሲንቲሌተሩ ርቆ ለክሩ ሲቀርብ ደግሞ፣ የሲንቲሌተሩ ብርሃን ደክሞ የክሩ ብርሃን ስለሚጎላ ትርፉ ከውጪ ጨረር ይልቅ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። እርማቱን በዚያው ምንጭ፣ ምንጩን በክሩ ጎን እያንቀሳቀሱ ይፈትሹት።