ብራውዘር ሳልከፍት የሚመጣ ፖፕ አፕ አስመረረኝ፣ ሰርቪሱን ላጥፋው ወይስ ፖርት ልዝጋ?

ሰላም፣ ኧረ የምታውቁ እርዱኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተሮች አሉኝ በአንድ ራውተር የተገናኙ (አትሳቁ፣ ስካነሩ ከነሱ ውጪ አይሰራልኝም) እና አንዱ ላይ ምንም ሳልከፍት ስክሪኑ መሀል ግራጫ ሳጥን ዱብ ይላል፣ ከላይ "ሜሴንጀር ሰርቪስ" ከስር ደሞ "ኮምፒውተርህ ተበላሽቷል፣ እዚህ ሳይት ግባ" የሚል ማስፈራሪያ፣ ኦኬ ስለው ሌላ ይተካል። ፖፕ አፕ ብሎከር ጫንኩ፣ ወፍ የለም። ለካ የብራውዘርም የቻትም ነገር አይደለም፣ ኔት ሴንድ (ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ አጭር መልእክት የሚልከው የዊንዶውስ ትእዛዝ) የሚጠቀምበት ሰርቪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 (የኤክስፒ ማሻሻያ) ያጠፋዋል፣ የኔዎቹ ግን ገና 1 ላይ ናቸው።

ችግሩ እኛ እንጠቀምበታለን፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው "ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሷል" ምናምን እየተባባልን። ስለዚህ ሰርቪሱን ሳላጥፋ ከውጪ የሚመጣውን ዩዲፒ ፖርት 135 እና 1026 (መልእክቱ የሚገባባቸው የኔትወርክ በሮች) ብቻ ራውተሩ ላይ ብዘጋ ይበቃል? በፖርት 139 እና 445 የሚሄደው ፋይል ሼሪንግስ አይነካም አይደል? እና አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ያንን ኮምፒውተር ለጌም ብዬ ዲኤምዚ (ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ ራውተሩ ሳያግድ በቀጥታ ወደ አንድ ኮምፒውተር የሚያሳልፍበት ቅንብር) ውስጥ አስገብቼው ነበር፣ ጉዱ የመጣው ከዛ ይሆን እንዴ?